አራት ሰው በአንድ ክፍል፦ የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ 6 አልበሞች በእኔ ደረጃ

(ለሙዚቃ ወዳጆች ያቀረብኩት ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሎ)

ጤና ይስጥልኝ። ከሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁም ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁና ከዚያ እንከራከርበት። ከእንግሊዙ የሄቪ ሜታል ባንድ ከብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ ዓመታት አልበሞች ለእኔ አንደኛው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ነው። ሁለተኛው በባንዱ ስም የተጠራው የመጀመሪያው አልበም። «ፓራኖይድ» ሦስተኛ። አዎ፣ ሦስተኛ። ብዙዎቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ፣ እደርስበታለሁ። ከዚያ «ሳቦታዥ»፣ ቀጥሎ «ቮሊዩም ፎር»፣ መጨረሻ ላይ «ሳባዝ ብለዲ ሳባዝ»።

የመጀመሪያ ዓመታት የምለው ከ1970 እስከ 1975 ያለውን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ። በነዚህ ዓመታት ያው አራት ሰዎች 6 አልበም ሠሩ። ቶኒ አዮሚ ጊታር፣ ጊዘር በትለር ቤዝ፣ ቢል ዋርድ ድራም፣ ኦዚ ኦዝቦርን ድምፃዊ። ከዚያ ሁለት አልበም ጨመሩና ኦዚ በ1979 ከባንዱ ተባረረ። ከእሱ በኋላ የመጣው ሥራ የራሱ ወዳጆች አሉት፣ ዛሬ ግን አልነካውም።

መለኪያዬ አንድ ብቻ ነው። አልበሙን ስሰማ አራት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሲጫወቱ ይሰማኛል ወይስ አይሰማኝም? ምን ያህል ተሸጠ፣ ስንት ሰው በቃሉ ያውቀዋል፣ ጊታሪስቱ ምን ያህል ይፈጥናል የሚለው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሄቪ ሜታል ከባድ የሚሆነው በጩኸት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ድምፅ ማጉያውን እስከ ጥግ መክፈት ግን ማንም ይችላል። የሳባዝ ክብደት የሚመጣው ጊታሩና ቤዙ ያንኑ ዜማ ይዘው አብረው ሲወርዱ፣ ድራሙ ደግሞ ምት ከመቁጠር አልፎ ለእነሱ መልስ ሲሰጥ ነው። ይህ በቴክኒክ ብቻ አይገኝም። አብሮ ማደግ፣ አብሮ መራብ፣ በአንድ አሮጌ መኪና አብሮ መንከራተት ይጠይቃል።

ከየት እንደመጡ ትንሽ ልበል። በርሚንግሃም፣ አስተን የሚባል ሰፈር ነው። ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ቦምብ ወርዶባታል፣ እነሱ ሲወለዱ ጦርነቱ ገና ማለቁ ነበር። ኦዚ ከሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ቄራ ነው። ጊዘር የሒሳብ ሥራ እየተማረ ቢሮ ይውል ነበር። አዮሚ ደግሞ ብረት የሚቆረጥበት ፋብሪካ ነበር።

የአዮሚን ታሪክ የምታውቁ ትኖራላችሁ፣ ግን ሳልናገረው አላልፍም፤ ደረጃዬ በሙሉ የቆመው እሱ ላይ ነውና። በ17 ዓመቱ፣ ሥራውን ለቆ ሊወጣ በመጨረሻው ቀን፣ ማሽኑ የቀኝ እጁን የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ጫፍ ቆረጠው። አዮሚ ደግሞ ግራኝ ነው። ቀኝ እጁ ማለት ክር የሚጫንበት እጁ ማለት ነው። ከእንግዲህ ጊታር አትጫወትም ተባለ። የፋብሪካው አለቃው ግን የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው። ጃንጎ በእሳት ተቃጥሎ ሁለት ጣቱ ከተጎዳ በኋላ በቀሩት ጣቶቹ ታላቅ የሆነ የጃዝ ጊታሪስት ነው። አዮሚ ተነሳ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ጫፍ ሠራ፣ ላዩ ላይ ቆዳ ለጠፈ። ወፍራሙን ክር መጫን ስላመመው ቀጫጭን የባንጆ ክር ጊታሩ ላይ ገጠመ። ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ጣት ክሩን በደንብ አይሰማውም፣ ስለዚህ ብዙ ክር አንድ ላይ የሚያዝባቸውን ውስብስብ ኮርዶች ትቶ ጥቂት ክር ብቻ የሚያዝባቸውን ቀላልና ወፍራም ድምፆች መረጠ። ዛሬ ጊታር አንግቶ ሜታል የሚጫወት ልጅ፣ የትም ሀገር ይሁን፣ አውቆም ሳያውቅም ከዚያ ከተጎዳ እጅ ብዙ ወስዷል።

ወደ አልበሞቹ።

የመጀመሪያው አልበም ኦክቶበር 1969 ለንደን ውስጥ የተቀረጸው በአንድ ቀን ነው። አንድ ቀን! ፕሮዲዩሰሩ ሮጀር ቤይን ነበር። ገንዘብ የለ፣ ጊዜ የለ፤ መድረክ ላይ እንደለመዱት ተጫወቱት፣ ያው ተቀዳ፣ አለቀ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ዓርብ ዕለት ገበያ ላይ ዋለ። እንግሊዞች ዓርብና 13 ሲገጥሙ ገደ ቢስ ቀን ነው ይላሉ።

አከፋፈቱን ስሙት። ዝናብ፣ ነጎድጓድ፣ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል። ከዚያ ሦስት ኖታ ብቻ። ጂ፣ ከፍ ያለው ጂ፣ ከዚያ ሲ ሻርፕ። ከጂ እስከ ሲ ሻርፕ ያለው ርቀት ምዕራባውያን ከድሮ ጀምሮ ከሰይጣን ስም ጋር ያያያዙት፣ ጆሮ የሚያስጨንቅ የሚሉት ርቀት ነው። እዚህ ላይ እኛ አንድ ነገር አለን። ይህ ርቀት አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ለአማርኛ ሙዚቃ ሰሚ ጆሮ ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይሆንም። እንግሊዛዊው ሰሚ ፍርሃት ብቻ በሚሰማበት ቦታ እኔ እንጉርጉሮም ይሰማኛል። ሰርግ ላይ ከሰማነው ነገር ጋር አንድ ነው እያልኩ አይደለም፤ አንቺሆዬ ያንን ርቀት የሚጠቀምበት መንገድ ፈጽሞ ሌላ ነው። ግን ጆሯችን በሩን ትንሽ ከፍቶ ይጠብቃቸዋል።

ስለ ሰይጣን ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሙዚቃቸው ቤተሰብ ጋ ሲከፈት ሁሌም ጭቅጭቅ ያስነሳል። ያንን የመጀመሪያ ዘፈን ግጥሙን ብታዩት የሚናገረው ሰው ከፊቱ ጥቁር ነገር ቆሞ አይቶ የደነገጠ፣ እግዚአብሔርን እርዳኝ እያለ የሚለምን ሰው ነው። አብዛኛውን ግጥም የሚጽፈው ጊዘር በካቶሊክ ቤት ያደገ ልጅ ነው። አንገታቸው ላይ የሚያደርጉትን መስቀል የሠራላቸው የኦዚ አባት ነው። ፍርሃትን መዝፈንና የሚፈራውን ነገር ማምለክ ይለያያሉ። በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ሳይሰማቸው ፈርዶባቸዋል፣ ያሳዝነኛል።

ለምን ሁለተኛ አደረግኩት? በእኔ መለኪያ ከሄድን አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ አራት ሰዎች ከዚህ በላይ የሚሰሙበት አልበም የለም። ቢል ዋርድ ያደገው የጃዝ ድራመሮችን እየሰማ ነው፣ «ዘ ዊዛርድ» ላይ እጁ እንዴት እንደሚወዛወዝ ስሙ፤ ኦዚ ሃርሞኒካ ሲነፋ ድራሙ ይመልስለታል፣ ሁለቱ ይነጋገራሉ። በኋላ የመጡ ብዙ የሜታል ባንዶች የአዮሚን ጊታር ወረሱና የዋርድን ውዝዋዜ ጣሉት፣ ለዚህ ነው ብዙዎቹ ደረቅ የሚሆኑብኝ። ግን አልበሙ ላይ የሌላ ባንድ ዘፈኖችም አሉ። «ኢቭል ዉማን» የእነሱ አይደለም። ከ10 ደቂቃ በላይ የሚሄደው «ዋርኒንግ»ም የእነሱ አይደለም፣ መሃሉ ላይ ጊታሩ ይባዝናል። ገና የብሉዝ ባንድ ቆዳቸውን እየገፈፉ ነበር። ተቺዎቹ አልበሙን አጣጣሉት፣ ሕዝቡ ግን ገዛው፤ እንግሊዝ ውስጥ እስከ 8ኛ ደረጃ ወጣ።

እሺ፣ «ፓራኖይድ»። ያው በ1970፣ ሴፕቴምበር ላይ ወጣ። በአንድ ዓመት ሁለት አልበም። መጀመሪያ ስሙ «ዋር ፒግስ» ሊሆን ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ጎራዴና ጋሻ የያዘው ሰው የቀረው ከዚያ ሐሳብ ነው። «ፓራኖይድ» የሚለው ዘፈን አልበሙ ስላጠረ በመጨረሻ ሰዓት ማሟያ ተብሎ በደቂቃዎች ውስጥ የተሠራ ነው። ያ ማሟያ እንግሊዝ ውስጥ በነጠላ ዜማ 4ኛ ደረጃ ላይ ወጣ፣ አልበሙ ደግሞ 1ኛ ሆነ።

ግጥሞቹን በተመለከተ ይህ ከሁሉም ይበልጣል፣ ያንን አልክድም። «ዋር ፒግስ» የድሃ ልጅ ወደ ጦር ሜዳ ሲላክ ቢሮ ቁጭ ብለው ስለሚያዙ ሰዎች ነው። «ሃንድ ኦፍ ዱም» ከቬትናም ተመልሰው ሄሮይን ስለያዛቸው ወታደሮች ነው፣ በእኔ ግምት የአልበሙ ምርጥ ዘፈንም እሱ ነው፤ በቤዝ ብቻ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ይፈነዳል፣ ተመልሶ ዝቅ ይላል፣ ልክ እንደ በሽተኛው ልጅ ትንፋሽ። «አይረን ማን» የወደፊቱን ጥፋት አይቶ ሊያስጠነቅቅ የተመለሰ፣ ማንም ያልሰማው፣ በመጨረሻ ራሱ ጥፋቱን የሚያመጣ ሰው ታሪክ ነው። ስንቶቻችን ዜማውን ብቻ እያንጎራጎርን ታሪኩን ሳንሰማው ኖረናል!

ታዲያ ለምን ሦስተኛ? ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ የሸክላው ሁለተኛ ገጽ ይላላል። «ራት ሳላድ» የድራም ማሳያ ነው፣ ያልፋል። ሁለተኛውና ዋናው ድምፁ ነው። ጊታሩ ገና በተለመደው ቅኝት ላይ ነው፣ ጠርዙ ስል ነው፣ ከታች ግን መሬቱ አልተነካም። ታላላቅ ዘፈኖች አሉ፣ ያ ክብደት ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

የሚከራከረኝ ሰው ሁሌም የሚያነሳው የመሰናበቻውን ኮንሰርት ነው። ጁላይ 5 ቀን 2025 እዚያው ያደጉበት አስተን፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም ውስጥ አራቱም ከስንት ዓመት በኋላ አብረው ቆሙ። ኦዚ መቆም ስላልቻለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። አራት ዘፈን ተጫወቱ። «ዋር ፒግስ»፣ «ኤን አይ ቢ»፣ «አይረን ማን» እና «ፓራኖይድ»። ከመጀመሪያው አልበም አንድ፣ ከሁለተኛው ሦስት። እኔ አንደኛ ካልኩት አልበም አንድም የለም። ኦዚ ከ17 ቀን በኋላ፣ ጁላይ 22፣ አረፈ። ያንን ምሽት ያየ ሰው ምርጫቸው ልክ ነበር ይላል፣ እኔም እላለሁ። ስታዲየም የሞላ ሕዝብ አብሮ የሚጮኸው ዘፈን ያስፈልግ ነበር። የመሰናበቻ ዘፈንና ቤት ቁጭ ብለህ ለብቻህ የምትሰማው አልበም ግን ሥራቸው ይለያያል።

ወደ አንደኛው መጣሁ። «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ»፣ 1971። ከ35 ደቂቃ አይሞላም። በውስጡ ካሉት ሥራዎች ደግሞ ሁለቱ አጫጭር የጊታር ዜማዎች ናቸው። ፕሮዲዩሰሩ ያው ሮጀር ቤይን ነው፣ ከእነሱ ጋር የመጨረሻ ሥራው።

እዚህ አልበም ላይ አዮሚ በበርካታ ዘፈኖች የጊታሩን ክር ሦስት ግማሽ ድምፅ ወደ ታች አወረደው። ክሩ ሲላላ ለተጎዱት ጣቶቹ ይቀለዋል፤ ድምፁ ደግሞ ይወፍራል፣ ይጨልማል። ጊዘርም ቤዙን አብሮ አወረደ። ይህን ነገር ሳስበው ሁሌም ይደንቀኛል። ከፋብሪካ የወጣው ሕመም፣ ሕመሙን ለማስታገስ የተፈለገው ዘዴ፣ ከዘዴው የተወለደው ድምፅ፣ ሁሉም እዚህ ተገናኙ። በኋላ ዱም ሜታል የተባለው፣ ስቶነር ሮክ የተባለው፣ በ1990ዎቹ ከሲያትል የወጣው ከባድ ድምፅ ሳይቀር፣ ጎንበስ ብሎ ከዚህ ምንጭ ጠጥቷል።

አልበሙ የሚጀምረው በሳል ነው። የአዮሚ ሳል ነው፣ ተቆርጦ ተደጋግሞ። ከዚያ «ስዊት ሊፍ»። ስለ ማሪዋና የተዘፈነ ነው፣ ግጥሙ አያስደስተኝም፣ ሪፉ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚመጣው የጊታር ሐረግ፣ ግን እንደ ግንብ ነው። ወዲያው ቀጥሎ የሚመጣው «አፍተር ፎርኤቨር» ስለ እምነትና ስለ ሞት የሚጠይቅ፣ በእግዚአብሔር የሚያሾፉትን የሚሞግት ዘፈን ነው። ሰይጣን አምላኪ የተባለው ባንድ ይህን ዘፈነ! «ቺልድረን ኦፍ ዘ ግሬቭ» ላይ ደግሞ ዋርድ ከድራሙ ኋላ የሚያደርገውን ስሙ፣ የሚጋልብ ነገር ነው፣ ጊዘር የኒውክሌር ቦምብን የሚፈሩ ወጣቶች እንዲነሱ ይጣራል።

ከዚያ «ሶሊቱድ»። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ዲስቶርሽን የሚሉት ሻካራ የጊታር ድምፅ የለም፣ ጩኸት የለም። አዮሚ ዋሽንት ይነፋል። ኦዚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሌላ ሰው ሆኖ፣ ስለ ብቸኝነት ይዘፍናል፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ኦዚ መሆኑን አያምንም። ተከፍቶ እየሰማችሁት ክፍሉ የሚጠብ ይመስላችኋል። ክብደት በጩኸት አይመጣም ስል ማስረጃዬ ይህ ዘፈን ነው።

መጨረሻው «ኢንቱ ዘ ቮይድ»። ሰዎች የበከሏትን ምድር ትተው በሮኬት ይሄዳሉ፣ ሌላ ዓለም ፍለጋ። መግቢያው ብቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስዳል፣ አይቸኩልም። ሪፉ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ሌላ ይመጣል፤ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። አራቱ ሰዎች ከዚህ በላይ አንድ ሆነው የተሰሙበትን ቅጽበት እኔ አላገኘሁም። አንደኛ ያልኩበት ምክንያት ይኸው ነው፣ ሌላ የተወሳሰበ ነገር የለውም።

አራተኛው «ሳቦታዥ» ነው፣ 1975። በዚያን ጊዜ ከቀድሞ ማናጀራቸው ጋር ፍርድ ቤት ገብተው ነበር፤ እነሱ እንደሚሉት ስቱዲዮ ውስጥ እየቀረጹ ጠበቆች ወረቀት ይዘው ይመጡ ነበር። «ዘ ሪት» የሚለው ዘፈን ስለዚሁ ነው፣ ግጥሙን በዋናነት የጻፈው ኦዚ ራሱ ነው፣ ንዴቱ ይታወቃል። «ሲምፕተም ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ» ከዓመታት በኋላ የመጣውን ፈጣን ሜታል አስቀድሞ የተናገረ ሪፍ አለው፣ ከዚያ በድንገት ወደ ለስላሳ አኩስቲክ ጊታር ይዞራል። በዚያ ሰዓት ሀብታም ነበሩ፣ ተበታትነው ነበር፣ ዕፅም ይዟቸው ነበር። ግን የጋራ ጠላት ሲመጣ እንደገና አንድ ክፍል ውስጥ ገቡ። ይሰማል።

«ቮሊዩም ፎር»፣ 1972። ሎስ አንጀለስ፣ ቤል ኤር ውስጥ ትልቅ ቪላ ተከራዩ፣ የመጀመሪያው አልበም ሲሠራ ያልነበራቸው ገንዘብና ጊዜ ሁሉ እዚያ ነበረ፣ ኮኬይን ደግሞ ከልክ በላይ። ራሳቸው በኋላ እንደተናገሩት ለዕፅ ያወጡት ገንዘብ ለቀረጻ ካወጡት ይበልጣል። አልበሙን «ስኖውብላይንድ» ሊሉት ፈልገው አሳታሚው ስለ ኮኬይን መሆኑን አውቆ እምቢ አለ። «ሱፐርናውት» ድንቅ ነው፣ ዋርድ ሲያብድ ትሰማላችሁ። «ቼንጅስ»ን ብዙ ሰው ይወዳታል፤ ጊታርም ድራምም የለባትም፣ ፒያኖ ላይ የቆመች ነች፣ አዮሚ ፒያኖውን የለመደው እዚያው ቪላ ውስጥ ነው፣ ግጥሙ የዋርድን የትዳር መፍረስ ያስታውሳል። እኔም እወዳታለሁ። ግን አልበሙ መሃል ላይ ይበታተናል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ አራቱ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ፣ የተለያየ ክፍል ውስጥ ይመስሉኛል።

«ሳባዝ ብለዲ ሳባዝ»፣ 1973፣ ብዙ አዋቂዎች ከምርጦቹ ይቆጥሩታል። የርዕሱ ዘፈን ሪፍ አዮሚ ሐሳብ ነጥፎበት ከቆየ በኋላ፣ ክሊርዌል በሚባል የቆየ ግንብ ምድር ቤት ውስጥ ነው የመጣለት፤ ሪፉ እውነትም ያስደነግጣል። ሲንተሳይዘር ገባ፣ የቫዮሊን ቡድን ገባ፣ የዬስ ባንዱ ሪክ ዌክማን መጥቶ ኪቦርድ ተጫወተ። ሁሉም ነገር ጥሩ ተሠርቷል። ለእኔ ችግሩ እሱ ነው፣ የተጨመረው ነገር በበዛ ቁጥር አራቱን ማየት ያቅተኛል። መጥፎ አልበም አላልኩም። ከስድስት አንዱ መጨረሻ መውጣት አለበት።

ሳባዝን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ከየት ይጀምር ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ከ«ፓራኖይድ» ይጀምር፣ ደረጃዬ ሌላ ቢሆንም። ዜማው ይይዘዋል። የመጀመሪያው አልበም ምሽት ላይ ይሁንለት። «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ»ን ግን በስልክ ስፒከር እንዳትከፍቱት አደራ። ቤዙ ጭራሽ አይሰማም፣ ቤዙ ከሌለ ደግሞ የጊዘር በትለር ግማሽ ሥራ የለም። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ተዋሱና ከ«ሶሊቱድ» ወደ «ኢንቱ ዘ ቮይድ» የሚሻገርበትን ቦታ ሳታቋርጡ ስሙት። ከዚያ ኑና «ፓራኖይድ» ይበልጣል በሉኝ፤ ክርክሩን ከዚያ እንቀጥላለን።